ያልተደገሰው ሰርጌ

የተዳርኩት ያለ ድግስ ነው። ይህን ስናገር አንገቴን የምደፋ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በሬ ሳይጣል፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ቪዲዮ አንሺ ሳይጠራ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ካለው ከአባቴ ቤት ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም እኮራበታለሁ። የምኮራው ግን በራሴ አይደለም፣ በአባቴ ነው።

አባቴ አናጺ ነው። የሰፈራችን ግማሽ በርና መስኮት የሱ እጅ ሥራ ነው። ቁጡ ነው፤ እኔም በዚህ በኩል እሱን እንደወጣሁ የማይነግረኝ ሰው የለም። ያኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። እጮኛዬም እዚያው ማሽን ይጠግን ነበር።

በቁርባን ለመጋባት ስለፈለግን ሥራ ስንወጣ የነፍስ አባታችን ዘንድ እየሄድን እንማር ነበር። ስለ ፍቅር ሲያስተምሩን ተቻቻሉ፣ ይቅር ተባባሉ ይሉናል ብዬ ነው የጠበቅሁት። እሳቸው የጀመሩት ከደሞዝ ነው። «ለመሆኑ አንዳችሁ የአንዳችሁን ደሞዝ ታውቃላችሁ?» አሉን። እጮኛዬ አቀረቀረ፤ የሱ ከኔ ያንሳል። ሆኖም ሳይጨምር ሳይቀንስ እዚያው ተናገረ፤ እኔም ያን ዕለት የበለጠ ወደድኩት። ቄሱ ቀጠሉና፣ ፍቅር የማይመካ ከሆነ ለታይታ የሚወጣ ገንዘብ ከፍቅር የወጣ አይደለም አሉ። ባልንጀራውን የሚወድ ሰው የማይችለውን ዕዳ ቤቱ አያስገባም፤ ባለዕዳ የወንድሙን እጅ እንጂ ፊቱን አያይምና አሉን። እኔ ትምህርቱን የሰማሁት ለራሴ ትዳር ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ደወለች። አባቴ ለሰርጌ ቤቱንና የእንጨት ሥራ ማሽኖቹን አስይዞ ሊበደር ነው፤ ወረቀቱ አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው አለችኝ። ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሁ ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ በለሆሳስ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። ስደርስ ግን ሁሉም ጠፋኝና ጮህኩበት።

«አባዬ፣ ቤት አስይዘህ ነው በሬ የምትጥለው?»

መላጊያውን እንኳ አላቆመም። «የሰው ድግስ እየበላሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ብድር አለብኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስድር ነው አፌን ጠርጌ ዝም የምለው?»

እውነቱን ነው። በኛ ዘንድ በሰርጉ ያበላህን በሰርግህ ታበላለህ፤ ማንም አይጽፈውም፣ ማንም ግን አይረሳውም። ድግሱም አንድ አይደለም። ለሙስሊም ጎረቤት ሌላ ከብት፣ ሌላ አራጅ፣ ሌላ ድስት ያስፈልጋል። አባቴ ከሁሉም ቤት በልቷልና የሁሉም ባለዕዳ ነበር።

ቄሱ ያሉትን ነገርኩት።

«ቄሱማ ድግስ ላይ ማን ይቀድማቸዋል?» አለ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግሁት። «ድግሱ ለኔ ከሆነ አልፈልግም። ለነሱ ከሆነ ደግሞ፣ የሚወዱህ ሰዎች አንድ ቀን ጠግበው አንተ ቤት አልባ እንድትሆን ይፈልጋሉ? የማይወዱህ ከሆኑስ ምንህ ናቸውና ነው?» አልኩት። እንጨቱን ገልብጦ መላጉን ቀጠለ። በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ እንኳ ደህና ግቢ አላለኝም።

በሳምንቱ ስመጣ ኮቱን ለብሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «አልፈረምኩም» አለኝ። «ግን ድግስ እንደሌለ ሰው ከወሬ አይሰማውም። የበላሁበት ቤት ሁሉ እገባለሁ፤ እኔው በአፌ እናገራለሁ። አንቺም ትከተይኛለሽ፤ ጣጣውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

ሌላው ሰው ሲቸግረው ሰርጉን ዘመድ ያለበት ከተማ ወስዶ ይሸሻል፣ ወይም አሞኛል ይላል። ለአባቴ ግን ይህ አልሆነለትም። እኔም ጉዱን ባውቅ ኖሮ ባልገፋፋሁት ነበር። ሰርግ ያለበት አባት ኮት ለብሶ ከገባ ሊጠራ መጣ ማለት ነው፤ ገና ደፉን ሲረግጥ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል። እሱ እልልታው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቅና፣ «ሰርግ አለ፤ ድግስ የለም። አቅሜ ዳቦና ጠላ ነው። ኑና ልጄን መርቁልኝ» ይላል። በየቤቱ ይህንኑ ሲደግም ላብ አጠመቀው። አንዳንዱ ደግ አደረግህ አለው፤ አንዳንዷ ከንፈሯን መጠጠች። አንድ የማኅበር ወዳጁ ደግሞ «ሰው እንደ ኪሱ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ልመልስለት አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ቆነጠጠኝ።

ለመጨረሻ ያስቀረው የሐጂን ቤት ነበር። ሐጂ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቻቸውን ሲድሩ ሁልጊዜ ለኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ በሬ ገዝተው፣ በክርስቲያን እጅ አሳርደው አብልተውናል። አባቴ በራቸው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ እንደገና ጉሮሮውን ጠራረገ። ፈርቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሐጂ፣ ስንቴ አብልተውኛል። እኔ ግን ብድርዎን መመለስ አልቻልኩም» አለ።

ሐጂ ከመደባቸው ብድግ አሉ። «ምን አልክ? ብድር? ወላሂ አስቀየምከኝ! እኔ እስከ ዛሬ ጎረቤቴን ሳበላ ሳበድር ኖሬያለሁ በለኛ! ያን ሁሉ በሬ ለይቼ ያሳረድኩት ምንዳዬን ካንተ ልቀበል መስሎህ ነው? አጃኢብ! ቁጭ በል!»

አባቴ ቁጭ አለ። ትኩስ ዳቦና ማር ቀረበ።

«በል ብላ። ይሄንንም ከብድሩ ጋር ደምረው!» አሉት፣ ቁጣቸው ገና ሳይበርድ።

ይቅርታ ሊጠይቅ የገባ ሰው እንደገና በልቶ ወጣ። ደጅ ስንደርስ ዐይኑን በእጅጌው ሲጠርግ እንዳላየ ሆኜ ቀደም ቀደም አልኩ።

የሰርጌ ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ ግቢያችን ሞልቶ ነበር። ድፎ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ሐጂ ከነፍስ አባታችን ጎን ተቀምጠው፣ ያልፈላ የማር ብርዛቸውን እየጠጡ፣ ተራ በተራ መረቁን። የማኅበር ወዳጁ ግን አልመጣም። የአባቴ ዐይን በሩ ላይ ደርሶ ሲመለስ አይቻለሁ። ያን ወዳጅ ያጣው በኔ ምክንያት ነው፣ አንድም ቀን ግን አላነሳብኝም። እኔና ባለቤቴ ኮምቦልቻ በተከራየነው ክፍል ኑሮን በአንድ ፍራሽና በሁለት ድስት ጀመርን። የሁለታችን ደሞዝ አንድ ሣጥን ገባ፤ ለማንም የምንከፍለው አልነበረም። የአባቴም ቤትና ማሽኖች ዛሬም የራሱ ናቸው።

በዓመቱ ሐጂ የልጅ ልጃቸውን ደጋን ከተማ ሲድሩ እኛም ተጠርተን ወረድን። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ሰርግ ቤት ጥግ ይዞ፣ ጥቂት ቀምሶ፣ ቶሎ የሚወጣ ሰው ነበር። ቁም ነገረኛ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን በልቶ ሲጨርስ ጨምሩልኝ አለ። ዘፈኑ ሲደምቅ ተነሥቶ መሀል ገባና እስክስታውን አስነካው፤ ሐጂ ከዘራቸውን እያነሡ «አብሽር! አብሽር!» ይሉታል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ታየዋለች።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር» አለችኝ፣ «ትከሻ እንዳለው አላውቅም ነበር።»