ዱዓውን አሸዋው ላይ ያወጣን ጊዜ

እኔ አንድ ቤት ተቀምጬ መክረም አልሆነልኝም። ዋጃ ወንድ ልጄ ዘንድ እከርማለሁ፣ ጎብዬ ሴት ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ ዱላዬን ይዤ ሚኒባስ ላይ ነኝ። ልጆቼ «እማ እግሯ ጅኒ አለበት» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያን መስከረም ግን ቆቦ ገብቼ እዚያው ቀረሁ። ያስቀረችኝ የልጅ ልጄ ናት።

የዋጃው ልጄ የበኩር ልጅ ናት። ተምራ፣ ቆቦ አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ ይዛለች። የማታ ተራ ሲደርሳት የምትወጣው ከተማው ሱቁን ዘግቶ፣ ውሻው አስፋልቱ ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው። የተከራየችው ቤት ከከተማው ዳር ነው። ባጃጁ እስከ ደረቁ ወንዝ ያመጣታል እንጂ አሸዋው ጎማ ስለሚውጥ አይሻገርም። ከዚያ ወዲያ አሸዋውን ተሻግራ፣ በማሽላው መሃል ባለው ቀጭን መንገድ ብቻዋን ናት። የእኛ አገር ማሽላ መስከረም ላይ ግመልን ከነጭነቱ ይደብቃል። መብራቱም እንደ እኔው ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የት እንደሄደ አይታወቅም።

አንድ ማታ ገብታ መሃል ቤት ቆመች። እራት ባቀርብላት አልነካችም።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ይቀመጣል።»

ተቀመጠችና ነገረችኝ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ይከተላታል። ከባጃጁ የምትወርድበት ቦታ ይጠብቃትና ከኋላ ከኋላ ይመጣል። ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትቆም ይቆማል፣ ማሽላው ሲያልቅ ይመለሳል። አልነካትም፣ ቃል አልተናገራትም።

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ፣ እማ። ቢናገር ምን እንደሚፈልግ አውቅ ነበር።»

«እንግዲያ ለአባትሽ…»

«በአላህ! ለአባባ እንዳትነግሪ!»

ፍርሃቷ ገብቶኛል። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ሴት ልጁን የሚወዳት ግን እየፈራ ነው። ይህን ቢሰማ ውሎ አያድርም፤ ሻንጣዋን በእጁ፣ እሷን በፊቱ አድርጎ ዋጃ ይመልሳታል። ሥራዋም፣ የኪራይ ቤቷም፣ ያ ሁሉ ዓመት የተማረችውም አንድ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ማሽላ ውስጥ ስለተገተረ ይቀራል ማለት ነው።

የከተማ ሴት ማታ ስትሄድ የምታደርገውን ሁሉ ታደርጋለች። ዘፈን ጆሮዋ ላይ አትሰካም። የቤቱን ቁልፍ በጣቶቿ መሃል ትይዛለች። የምታውቀውን ባጃጅ ነው የምትሳፈር። አዲስ አበባ የምትኖር ጓደኛዋም መክራታለች፤ ፊትሽን አጥቁሪ፣ ቶሎ ቶሎ ተራመጂ፣ ለማንም ሰላም አትበይ ብላታለች።

ይቺ የመጨረሻዋ አልተዋጠችልኝም። እኔ ያደግሁበት ቆላ ማታ የሚሄድ ሰው ድምፁን ያስቀድማል። ገና ከሩቁ «የእገሌ ልጅ እገሌ ነኝ፣ ከዚህ አገር ነው የምመጣው» ብሎ ይጣራል። ያን ጊዜ ውሻው ይያዝለታል፣ የተነሣው ጠመንጃ ይወርድለታል። ድምፁን ደብቆ የሚመጣ ወይ ሌባ ነው ወይ ጅብ።

«ድምፅሽን አስቀድሚ» አልኳት።

«እማ፣ እዚህ ሴት ድምፅ ካሰማች ጠራችኝ ነው የሚሉት።»

እውነቱን ልናገር፣ ከተማው ልጅቷን ያበላሻት መሰለኝ።

በማግሥቱ ማታ ዱላዬንና ባትሪዬን ይዤ ልቀበላት ወጣሁ። ማሽላው መሃል ስደርስ ከአሸዋው በኩል ኮቴ ሰማሁ። እንደ አገሬ ደንብ ድምፄን አስቀደምሁ። ስሟን ጠራሁ። ስሟ ብቻ አልበቃኝም፤ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ጨምሬ፣ «የዋጃዋ! መድኃኒት ቤት የምትሠሪዋ! አንቺ ነሽ ወይ?» እያልሁ ማሽላው እስኪንቀጠቀጥ ጮኽሁ። ሮጣ መጥታ አፌን በእጇ ያዘችው።

«ዝም በይ! እማ፣ በናትሽ ዝም በይ!»

ከኋላዋ ያለው ኮቴ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። እኔ ያባረርሁት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ልጁ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ መስኮቱ ላይ ተደገፈና በስሟ ጠራት። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። «የዋጃዋ» አላት። ስቆ ሄደ።

«አየሽው?» አለችኝ ማታ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እስከ ዛሬ ለሱ ጨለማ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ነበርሁ። አሁን ሥራዬንም አባቴንም ያውቃል።»

እኛ ዘንድ ስም ጋሻ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ ከታወቀ ማን ደፍሮ ይነካሻል? ግን ጋሻነቱ ሰሚው ሁሉ ሲያውቅሽ፣ አንቺም ሰሚውን ስታውቂው ነው። እኔ እሷን ገልጬ አቆምኋት፣ እሱ እንደተሸፈነ ቀረ። ይህን ለማወቅ ሽበቴ አልረዳኝም።

ያን ቀን ከተሰለፉት አንዱ የዋጃ ሰው ነበር። ዋጃና ቆቦ ደግሞ ለወሬ አንድ ግቢ ናቸው። ልጄ ሲነጋ ከተፍ አለ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠንም።

«ሻንጣሽን አውጪ።»

«አባባ፣ እስቲ መጀመሪያ…»

«መጀመሪያ የለም። ወንድ ስምሽን በመስኮት እየጠራ እኔ ዋጃ ቁጭ ብዬ ልስማ?»

«ስሟን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ሻንጣ የሚወጣ ከሆነ የእኔ ይውጣ።»

«ያንቺማ መች ገብቶ ያውቃል!»

ልጅቷ ሳቅ አመለጣት። እሱም ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት። ያቺን የሳቅ ቀዳዳ አላሳለፍኋትም።

«የነገውን ሐሙስ ተወኝ። ካልሆነልኝ ጁምዓ ጠዋት እኔው ራሴ አሳፍራታለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ዱዓ።»

ተነፈሰ። እናት ስትለምን እምቢ ማለት ከበደው፤ ግን አልሄደም። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

በሠፈራችን እንደ እኔ ያረጁ ሴቶች አሉ። ዱበርቲ ይሉናል። ሐሙስ ሐሙስ አንዷ ቤት ተሰብስበን ዱዓ እናደርጋለን። ዝናብ ሲጠፋ እንለምናለን፣ የተጣላ እናስታርቃለን። በእኛ አገር ዱበርቲ ከተቀመጠችበት መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። ይቆማል፣ ዱላውን መሬት ያስነካል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ተመርቆ ይሄዳል። አልቆምም ያለ ደግሞ ወደ ኋላው እያየ ነው የሚሄድ፤ ከምርቃታችን ይልቅ ዝምታችንን ይፈሩታል።

ዱዓውን ወደ አሸዋው እናውጣው ስላቸው ጎረቤቴ ናት መጀመሪያ የተነጫነጨችው።

«በምሽት? አሸዋ ላይ? ወገቤስ?»

«ወገብሽን ይዘሽው ነይ።»

«ጅቡስ?»

«አንቺን በምን ጥርሱ? አጥንት ብቻ ነሽ እኮ።»

«ያንቺ ምላስ ካለ ጅቡም አይመጣ» አለችና ነጠላዋን አነሣች። ክርስቲያኗ ጎረቤታችንም ሰማች። «የእኔም ልጅ ከማታ ትምህርት ስትመጣ በዚያው ነው» አለች፤ «ሰሌኑን እኔ አመጣለሁ።»

ሐሙስ ሲመሽ አሸዋውን ከተሻገሩ በኋላ፣ የማሽላው መንገድ አፍ ላይ ሰሌን አንጥፈን ተቀመጥን። ልጄን ከነዱላው መሃላችን አስቀመጥነው። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ የዱላውን ጫፍ ያዝ አድርጋበታለች፤ ጨዋታ እያወራችው ነው የያዘችበት።

መንገደኛው ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይጠየቃል፣ ይመረቃል። አንድ ጠጥቶ የመጣ ሰው ባትሪዬ ሲያበራበት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«እማማዎቼ፣ የቂያማው ቀን ዛሬ ነው እንዴ?»

«ለአንተ ነገ ነው፣ ሚስትህ ስታገኝህ። ግባ፣ አላህ ይምራህ።»

ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ መጣች። ባጃጁ ማዶ አወረዳት። አሸዋውን ስትሻገር አካሄዷ ብቻ ከኋላ ሰው እንዳለ ነገረኝ። እኛ ዘንድ ደረሰች፣ አጠገቤ ቁጭ አለችና ክንዴን ጨበጠችኝ። ልጁ አሸዋው መሃል ቆሟል። ልጄ ሊነሣ ሲል ዱላው አልነሣ አለው።

«ና ልጄ» አለች ወገቧን የሚያማት። «ዱዓ ዘሎ መመለስ ደግ አይደለም።»

መሮጥ ይችል ነበር። እግሩ ግን የዚሁ አገር እግር ነው፤ መጣ። ኮፍያውን አወለቀ። ጢሙ ገና ያልሞላ፣ ደህና መልክ ያለው ልጅ ነው። እኔ ጭራቅ ስጠብቅ ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?»

አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ።»

የአባቱን ስም ደገመው።

«የጎብዬው? እናትህን አውቃታለሁ፤ አብረን ውኃ ቀድተናል። ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እህት አለችህ አይደል? ምን ትሠራለች?»

«ደሴ ናት። ሆስፒታል።» ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። «አንዳንዴ የማታ ተራ አላት።»

የወገብ ሕመምተኛዋ እጆቿን ዘረጋች፤ እኛም ዘረጋን።

«እህትህ በሰላም ወጥታ በሰላም ትግባ።»

«አሚን።»

«በጨለማ ኮቴ አይከተላት።»

እኛ አሚን አልን። የእሱ ዘገየ። የሚመረቅ ሰው ራሱ አሚን ካላለ ምርቃቱ አይያዝም፤ ስለዚህ እጃችንን እንደዘረጋን ጠበቅነው። ልጅቷ ክንዴን የያዘችበት እጅ አልላላም።

«አሚን» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ በመጣበት ተመለሰ።

ቤት ገብተን እራት ስናነሣ፣ «ይኸው፣ አለቀ» አልሁ።

«አላለቀም» አለ ልጄ። «አንቺ ነገ እግርሽ ያነሣሻል። እነዚያም ሲበርዳቸው ይቀራሉ። እሱ ቢቀር ሌላው አይቆምም?»

እውነቱን ነው፤ ተናደድሁበት እንጂ። ወደ ልጅቷ አየሁ። ታግዘኛለች ብዬ ነው።

«እማ፣ ያደረግሽልኝን አልረሳም» አለች። «ግን እኔ የምፈልገው ማንም ሳይቀመጥልኝ መግባት ነው። ስወጣ አሮጊት ሁሉ ብርድ እንዲመታው አልፈልግም። አባባ ዋጃ ሆኖ እንቅልፍ እንዲያጣም አልፈልግም። ዝም ብዬ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው።»

ልጄ ብዙ አያት። ይህን የሚያህል ነገር ከአፏ ወጥቶ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ።

«ማሽላው የማን ነው?» አለ በመጨረሻ።

ጁምዓ ጠዋት ሻንጣው ከቦታው ሳይነሣ እሱ ማጭድ ተውሶ ወጣ። የማሽላው ባለቤት ደጅ ሄዶ ለመነው፤ መንገዱን በግራና በቀኝ የያዘው ማሽላ አሁኑኑ ይታጨድ አለው። ገና ፍሬ ሳይዝ! እኛ አገር እንዲህ ያለ ልመና ከልመና አይቆጠርም፤ ያልደረሰ እህል ማጨድ ልብ ይሰብራል። ሰውየው መጀመሪያ ያበደ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ሄደች፣ ከዚያ ወገቧን እያሻሸች ያቺ ሄደች። እንዳጋጣሚ የእሱም ምራት ከገበያ ስትመሽ በዚያው ነው የምትገባው። «እሺ፣ ለከብት ይሆናል» አለ፤ አላህ ይተካለትና። የሠፈሩ ወንዶች ከሰላት መልስ ገብተው አጨዱ። ልጄ ከሁሉም በኋላ ነው ማጭዱን የጣለ።

ያን ምሽት ሰሌን አልተነጠፈም። እኔ በር ላይ ቆምሁ። ከበሩ እስከ አሸዋው ድረስ ምንም የሚደብቅ ነገር የለም። የስልኳ መብራት ከአሸዋው ወጣና መምጣት ጀመረ። መሃል ላይ ቆመ። ዱላዬን አነሣሁ፤ ልጄም ከኋላዬ ተነሣ። መብራቱ ወደ መሬት ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ መጣ፤ እንዲህ ቀስ ብላ ስትመጣ አይቻት አላውቅም።

«ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?» አላት አባቷ።

አፏ ሙሉ ስለነበር ቶሎ አልመለሰችም። ከታጨደው መሃል ጥንቅሽ አግኝታ እየመጠጠች ነው።

«ጣፋጭ ነው» አለችና ሰብራ ለእሱም ሰጠችው።