ለአውቶቡስ መስመር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሀብተጊዮርጊስ በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ሁለት ነገር አተረፈ፤ የወገብ ሕመምና ዝና። ሕመሙን የሰጠው መንገዱ ነው፤ ዝናውን የሰጠው ይሉኝታው። የኦሮራ ከተማ ሐበሻ አዛውንቶች አውቶቡሱን እንደ ግል መኪናቸው ያዩታል። ከፌርማታው ርቀው እጃቸውን ካወዛወዙ ይቆማል። በሩ ላይ ቆመው የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ሲጠይቁት ይመልሳል። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ሲሳደብ አይሰማም። አለቃው ለምን እንደዘገየ ሲጠይቀው «ትራፊክ» ይላል።

በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሹፌሮች በየጥቂት ወሩ መስመር ይመርጣሉ፤ ብዙ ያገለገለ ቀድሞ ይመርጣል። በዚያ ዓመት አንድ ነባር ሹፌር ጡረታ ሲወጣ የኤርፖርቱን መስመር የመምረጥ ተራ ለሀብተጊዮርጊስ ደረሰ። የኤርፖርቱ ባቡር ገና አልጀመረም ነበርና ይህ መስመር ሁሉም የሚመኘው ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ፌርማታው ጥቂት፤ ተሳፋሪው ሻንጣውን አቅፎ ዝም የሚል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ንጹሕ ሽንት ቤት አለ። ሐኪሙም «ኮልፋክስን ካልተውክ ወገብህ መንዳቱን ያስተውሃል» ብሎታል።

ስህተቱ ደስታውን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ማውራቱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሦስት አዛውንቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከፊት አቶ ተክለሚካኤል፣ ቀጥሎ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ከኋላ ደግሞ ለቁጥር ማሟያ የመጡ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ።»

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ አቶ ተክለሚካኤል፣ ገብተው ሳሎኑ መሐል እንደቆሙ።

ሀብተጊዮርጊስ ደነገጠ። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም ለጠብ ነው። እሱ አግብቷል፤ ከሚስቱ ከሮማንም ጋር ለጊዜው ሰላም ናቸው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ኮልፋክስ ላይ ጥለኸን ልትሄድ ነው አሉ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል።

«እማማ፣ የመውረጃውን ገመድ ከሳቡት እኮ ማንም ሹፌር ይቆማል።»

«እኔ ገመድ ስቤ አላውቅም። ስምህን ነው የምጠራው።»

«ወገቤን አሞኛል። ዶክተሩ ነው መስመር ቀይር ያለኝ።»

«ወገብ በጠበል ይድናል» አሉ አቶ ተክለሚካኤል። «ያዘነ ሽማግሌ በምን ይድናል?»

ሮማን ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ሆና «እምቢ በል» እንደማለት ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ሀብተጊዮርጊስ ግን የሚያየው የወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ጉልበት ነበር፤ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«እሺ» አለ።

ሦስቱም ባንዴ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት ሽማግሌ ረዥም ምርቃት አወረዱ።

የምርጫው ቀን ስሙ ሲጠራ «ኮልፋክስ» አለ። መዳቢዋ የተሳሳተ መስሏት ደግማ ጠየቀችው። ቀጥሎ የተጠራው ከሌላ የአውቶቡስ ማደሪያ የመጣ አዶኒያስ የሚባል ሹፌር ነበር። ሳያቅማማ «ኤርፖርት» አለ።

«ዕድለኛ ነህ» አለው ሀብተጊዮርጊስ ውጭ ሲገናኙ።

«ዕድል አይደለም ጋሼ፣ ጸሎት ነው። አማቴ ‹አይዞህ፣ እኔ እይዝልሃለሁ› ብለውኝ ነበር።»

«አማትህ ማናቸው?»

«ጋሽ ተክለሚካኤል ናቸዋ! ሰርጉን ዳላስ አድርገነው ነው ያልሰማኸው።»

ሮማን ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ተናደደች፤ ከዚያ «ፊት ለፊት ንገራቸው» አለች። ሀብተጊዮርጊስም ማለ። የሚናገረውን በቃሉ አጠና፤ «ሽማግሌ ሆነው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ዐይንዎን በጨው አጥበው!» የሚል ነው። ሰኞ ጧት እየነዳ ድምፁን አውጥቶ ሲደጋግመው አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ተነሥታ ወደ ኋላ ሄደች።

አቶ ተክለሚካኤል ከፌርማታው ወዲህ ብርድ ላይ ቆመው ከዘራቸውን ያወዛውዛሉ። ሀብተጊዮርጊስ ነዳጁን ሊረግጥ አሰበ። እግሩ ፍሬኑን ረገጠ። በሩ ተከፈተ፤ ደረጃውም እንዲመቻቸው ዝቅ አለ።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አቶ ተክለሚካኤል እየተሳፈሩ። «ዛሬ ግን ዘገየህ።»

«ይቅርታ» አለ ሀብተጊዮርጊስ።