ውጅግራውና ላሟ

አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ያረፈው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ለእናቴ፣ ለታላቅ ወንድሜና ለእኔ የተወልን ያድንበት የነበረውን አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃና አንዲት የምትታለብ ላም ነው። ወንድሜ ትዳር ይዞ ጎጆ ወጥቷል፤ ልቡ ጠመንጃው ላይ ነበር። እናቴና እኔ የምንኖረው በላሟ ወተት ነው።

ሽማግሌዎች ጠመንጃው ይገመት አሉ። ዋጋው ከላሟ ካላነሰ እሱ ጠመንጃውን፣ እኛ ላሟን እንይዛለን። ካነሰ ግን እሱ ጠመንጃውን እንደያዘ ላሟ ተሸጣ ገንዘቧ ለሁላችን ይከፋፈላል።

ገማቹ ከመካነ ሰላም መጡ። ዕድሜያቸውን ጠመንጃ ሲያድሱ የኖሩ፣ ጺማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ምላሴ ስለሚተሳሰር እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜ አያለሁ። ሽማግሌው የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ከፍተው የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን አዩ። በቆዳ የታሰረውን ሰደፍ መታ መታ አደረጉት።

«አንተ ምን ትላለህ?» አሉት ወንድሜን።

«አርጅቷል አባባ። ጥይቱም አይገኝ። ያባቴ ማስታወሻ ነው ብዬ ነው እንጂ...»

ጠመንጃው ከረከሰ ላሟ መሸጧ ነው። ላሟ ደጅ ስታመሰኳ ይሰማኛል።

«እውነትህን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይህስ የፍየል መንጃ ነው። ለመሆኑ አባትህ በዚህ ምን ገደለበት? ጅግራ?»

«ጅግራ?»

«እሷንም ተኝታ አግኝቷት ይሆናል።»

ወንድሜ ብድግ አለ። «ወላሂ አባባ፣ ነብር የጣለበት ነው! ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ባንድ ጥይት! ያገሩ ሰው ይመስክር!»

«ያኔ ነዋ። ዛሬማ ይከሽፋል።»

«ከሽፎ አያውቅም! ባለፈው ሰርግ እኔው ራሴ ተኩሼበታለሁ!»

«ጥይቱ አይገኝም አላልክም?»

ወንድሜ ተመልሶ ቁጭ አለ። እናቴ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። በኋላ እንደሰማሁት የሽማግሌው አገማመት ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ያገራችን ሰው የራሱን ነገር ራሱ ያጣጥላል፤ ሌላ ሰው ያባቱን ጠመንጃ ሲሰድብበት ግን ችሎ አይቀመጥም።

«ነብር የጣለ፣ ዛሬም የሚተኩስ ጠመንጃ ካንድ ላም አያንስም» ብለው በሁለት እጃቸው አቀበሉት። ቀጥለው ወደ ጓዳው ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ትስማሚያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ከበር ጀርባ ያለ ራስ አይታየኝም። በአፍሽ ተናገሪ።»

«እስማማለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«እሷማ ምን ቸገራት!» አለ ወንድሜ። «ተስማምታለች በሉ።»

ዱዓ ተደረገ። ወንድሜ ሊሄድ ሲነሳ እናቴ ለልጆቹ አንድ ቅል ወተት ሰጠችው። የጠመንጃው ማንገቻ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ በአንድ እጁ ጠመንጃውን፣ በሌላው ቅሉን ይዞ የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሮጬ ሄጄ ከፈትኩለት።

«እንዳይፈስብህ» አልኩት።