የጎረቤቴን ወረቀት የበሳሁበት መነጽር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ዐቢይ ጾም ላይ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ የተኩስ ክበቡ ካንቲን ውስጥ አይብ ያለበት ዳቦ ሲያቀርቡልኝ «አልበላም» ብዬ ከቤት የያዝኩትን ድንች በዳቦ ስበላ ትዝ ይለኛል። ዓመቱ ነው የጠፋኝ። ዓመት ጠፋው ብላችሁ ታዲያ ቶሎ እንዳትፈርዱብኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አንድ ነገር ሲጠፋው ምን እንደሚባል አይቼዋለሁ፤ የምጽፈውም እሱኑ ነው።

የምኖረው ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ዳር ሆግቭሊት ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በወጣትነቴ ቆላ አገር የመንግሥት እርሻ ጠባቂ ነበርኩ፤ ማሽላውን የሚያወድመውን ከርከሮ በጠመንጃ ማባረር ሥራዬ ነበር። ያኔ ጠመንጃ ላይ መነጽር የሚባል ነገር አላየሁም። ዓይንና ብረት ብቻ። እዚህ አገር መጥቼ ብዙ ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ወደ ተኩስ ክበብ ወሰደኝ። ፈቃዱን፣ ፌርሎፍ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ቀስ ብዬ አወጣሁና አንዲት አሮጌ ጠመንጃ ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት መቶ ሜትር ላይ ያለ ወረቀት መምታት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ቅዳሜን ግን የምጠብቀው እንደ ልጅ ነው።

ጠመንጃዋ ላይ አራት ጊዜ የሚያቀርብ ትንሽ መነጽር ነበረባት። አንድ ብርድ ወቅት ውስጡ ጉም ገባበትና አልጠራ አለኝ። ሌላ ያስፈልጋል። ኪሴ የጡረተኛ ኪስ ነውና ርካሽ መሆን አለበት። ይህን ለልጄ ባል ነገርኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የልጄ ባል አምስተርዳም አጠገብ አምስተልቨን የሚኖር፣ የተማረ፣ ጨዋ ሰው ነው። «አባባ፣ እርስዎ አይጨነቁ፤ እኔ አየዋለሁ» አለኝ። በስልኩ ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት አካባቢ ወዳለ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ሻጩ እኔን አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከእሱ ጋር ብቻ ሆነ፤ ያውም በእንግሊዝኛ።

«ምን ይላል?» አልኩ።

«ከሦስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ የሚያቀርብ አለ፣ ከስድስት እስከ ሃያ አራት የሚያቀርብም አለ ይላል። ባለ ዘጠኙና ይሄ ዋጋቸው አንድ ነው፤ ታዲያ ለምን ባለ ዘጠኝ ይወስዳሉ? ይሄ ለኢላማም ለአደንም ይሆናል።»

«የአደን ፈቃድ የለኝም እኮ።»

«ወደፊት ቢያወጡስ?»

ሻጩ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ካለ የብረት ማስቀመጫ ጋር አሰረና ወደ መንገዱ አዞረው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የዳቦ ቤት የዋጋ ወረቀት በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ተገረምኩ፤ መገረሜን አልክድም። ቢሆንም ዳር ዳሩ ጨለም ያለ መሰለኝና «እስቲ ያንን ባለ ዘጠኙን ልየው» አልኩ። የሰማኝ የለም።

«ለእርስዎ የሚገባዎት ትልቁ ነው፣ አባባ» አለ የልጄ ባል።

እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። እርስዎ፣ እርስዎ እያለ፣ በር እየከፈተልኝ፣ ወንበር እየሳበልኝ፣ ነገሩን ግን ያለ እኔ ጨረሰው። የሚያይበት ዓይን የማን ነው? ጠመንጃው የሚያርፍበት ትከሻስ የማን ነው? አክብሮት ማለት ሰውን ሳይጠይቁ ትልቁን ቁጥር ማሸከም ከሆነ እንዲህ ያለው አክብሮት ይቅርብኝ። እንዲህ ብዬ ያኔውኑ ብናገር ጥሩ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ክበቡ ውስጥ የሚያውቅ ሰው መነጽሩን አሰረልኝ፤ ጥይቱ መሃል እስኪገባም አስተካከለው። በላዩ ያሉትን የማስተካከያውን ክዳኖች እያሳየ «ከእንግዲህ እንዳትነካ» አለኝ። እኔም አልነካሁም። ክዳኖቹንም፣ ከኋላ ቁጥር የተጻፈበትን ቀለበትም አልነካሁም። ቀለበቱ ሃያ አራት ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረ። አትንካ ሲባል የማይነካ ሰው ሆኜ ነው ያደግሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ባይ፣ ወረቀቱ መነጽሩን ሞልቶ ታየኝ። ግን ይዘላል! የልቤ ምት እያንዳንዱ እዚያ ላይ ይታያል፤ ስተነፍስ ወረቀቱ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ሱቁ ውስጥ መነጽሩ ያረፈው ብረት ላይ ነበር፤ እዚህ ያረፈው የሽማግሌ ልብ ላይ ነው። ራሴን ትንሽ ካነቃነቅኩ ድርግም ብሎ ይጠቁርብኛል፤ ስፈልግ ቆይቼ እንደገና አንድ ወረቀት አገኛለሁ። እንደምንም ይዤ ቃታውን ሳብኩ።

የእኔ መደብ፣ የምተኩስበት ቦታ ማለቴ ነው፣ ሦስተኛው ነው። አራተኛው ላይ የምትተኩሰው በእኔ ዕድሜ ያለች የዚሁ አገር ሴት ናት። የጆሮ መከላከያዋን አወለቀችና «አምስት ተኩሼ ስድስት ቀዳዳ አለኝ» አለች። «ወይ እኔ ተአምር ሠርቻለሁ፣ ወይ አንተ ለጋስ ነህ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ደገምኩት። ይህን ጊዜ የተኩሱ ኃላፊ ለብቻዬ ጠራኝ።

«ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ መደብ ልሰጥህ አልችልም» አለኝ። «ጠመንጃ ነው እኮ። ወዴት እንደሚተኩስ የማያውቅ ሰው…» ብሎ ተወው። እሱ ያልጨረሰውን እኔ እቤቴ እስክደርስ ስጨርሰው ሄድኩ።

ለልጄ ነገርኳት፤ ባልነግራት ይሻል ነበር። ሥራዋ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች መንከባከብ ነው። መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠረች፤ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ «ለዕድሜው ደህና ዓይን ነው» አላት። ቀጥላ እጄን ጠረጠረች። እስከ አፉ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩላት፤ ጠብ አላለም። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ሰሞኑን የሚረሱት ነገር አለ?» አለችኝ። ስለ መርሳት በሽታ የተጻፈ ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ መጥታ ኖሯል።

አያቷን በሆላንድኛ ኦፓ የምትለው የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ «ኦፓ፣ አንተ የሰው ወረቀት ነው የተኮስከው?» ብላ ተንከተከተች። በግልጽ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

ዓይኔ ተከሰሰ፣ እጄ ተከሰሰ፣ ጭንቅላቴ ተከሰሰ። መነጽሩን የከሰሰ ግን አልነበረም! እሱማ አዲስ ነው፤ ቁጥሩም ትልቅ ነው። አሮጌው እኔ ነኝና ጥፋቱ ወደ እኔ ዞረ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ እኔም ማመን መጀመሬ ነው። ምድጃውን አጥፍቼ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ። ሜትሮ ውስጥ የጣቢያዎቹን ስም በልቤ እቆጥራለሁ፣ እንዳልረሳ። ጠመንጃዋን ሸጬ ፈቃዱን ልመልስ ለልጄ ቃል ገባሁላት። አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጪኝ፣ ልሰናበት አልኳት።

በዚያች ቅዳሜ ሴትዮዋ ቀድማኝ መደቧ ላይ ነበረች። «ዛሬ ከአንቺ ራቅ ብዬ ዳር ላይ እሆናለሁ፤ ወረቀትሽ ይረፍ» አልኳት በተሰባበረው ሆላንድኛዬ።

«ለምን?»

«አርጅቻለሁ።»

«እኔስ ሕፃን ነኝ? እስቲ መነጽርህን አሳየኝ።»

ጠመንጃዋ ባዶ መሆኗን አየችና ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ወዲያው ቀና አለች።

«በቁልፍ ቀዳዳ ነው እንዴ የምታየው? ከወረቀቱ በላይ ያለው የመደቡ ቁጥር የታለ?»

«አይታየኝም።»

«እኔም አልታየኝም! ታዲያ ወረቀቱ ያንተ ይሁን የእኔ በምን ታውቃለህ?»

እጇን ወደ ቀለበቱ ስትሰድ ያዝኳት። «ተይ፣ አይነካም ተብሏል!»

«የማይነኩት ክዳኖቹ ናቸው። ቀለበቱ የተሠራው ሊነካ ነው። ይህን የነገረህ ሰው የለም?»

የለም። የሸጠው አልነገረኝም፤ የገዛልኝ አልነገረኝም፤ ያሰረልኝም አልነገረኝም። ሽማግሌ ያውቃል ብለው ይሆናል፤ ወይም ሽማግሌ ቢነግሩት አይገባውም ብለው።

ቀለበቱን ስድስት ላይ አደረገችው። እዚያው ሦስተኛው መደቤ ላይ ሆኜ ባይ፣ ብርሃን ገባ። ሦስተኛውም አራተኛውም ወረቀት፣ ቁጥሮቻቸው በላያቸው ላይ፣ ቁጭ ብለዋል። ልቤ ያው ልቤ ነው፤ መነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ግን አሁን ረጋ ብሎ ነው የሚወዛወዘው። አምስት ተኮስኩ። አምስቱም ከመሃል አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብለው፣ ግን ተጠጋግተው፣ ግን የራሴ ወረቀት ላይ! ጭንቅላቴ ቦታው ላይ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ለካ ያን ሁሉ ሳምንት ራሴን ስጠረጥር የኖርኩት ለአንዲት ቀለበት ነው።

«ዝቅ ያለው ቀለበቱ ሲዞር መነጽሩ ስለሚስት ነው» አለች። «በርካሽ ዋጋ ሁሉን እችላለሁ የሚልህ መነጽር አንዱንም አይችልም። ትንሹን ግዛ፣ የሚታመነውን።» እሷ አዳኝም ናት። ሚዳቋ አመሻሽ ላይ ከጫካው ዳር ብቅ የምትለው ለአፍታ ነው፣ በሃያ አራት ብታያት የምታየው ቁራጭ ፀጉር ነው፣ ያውም በጨለማ፤ ራስ ይሁን ጭራ አትለየውም አለችኝ። ሜዳ ላይ እሷ ሦስትና አራት ላይ ነው የምታደርገው። ዘጠኝን ለወረቀት ነው የምታስቀምጠው።

በሳምንቱ ዴን ሃግ ከተማ ወደምታውቀው ሱቅ አብረን ሄድን። ሻጩ ገና መነጽር ሳያወጣ ወደ እኔ ዞሮ «ምንድን ነው የምትተኩሰው? ስንት ሜትር ላይ? ተደግፈህ ነው ወይስ በክርንህ ብቻ?» አለኝ። ሦስት ጥያቄ! ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ሰውን መጠየቅ። አናደደኝ፤ እንባዬም መጣ።

«ወደ መንገዱ እንዳታይ፤ ወደ ጨለማው ጥግ እይ» አለችኝ እሷ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ አሮጌ ካርቶን ነበር። በእጄ ይዤ፣ ሳልደገፍ፣ መጀመሪያ ሦስት ላይ፣ ቀጥዬ ዘጠኝ ላይ ጽሑፉን አየሁ። ከሦስት እስከ ዘጠኝ የሚያቀርበውን መረጥኩ፤ እኔ መረጥኩ። ዋጋው ከፊተኛው አይበልጥም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተኩሱ ኃላፊ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ አምስቱንም የራሴ ወረቀት መሃል ከተትኩ። «መደብህ ያው ሦስተኛው ነው» ብሎኝ ሄደ።

የልጄ ባል አዲሱን ሲያይ «ዘጠኝ ብቻ አባባ?» አለኝ።

«ዘጠኝ ብቻ። ብዙውን ጊዜም ስድስት ላይ ነው የማየው።»

«ግን እኮ ሃያ አራቱ…»

«ሃያ አራቱን አንተ እይበት፣ ልጄ» ብዬ በካርቶኑ መለስኩለት። ልጄም ያንን የመርሳት ወረቀት ይዛ እንድትሄድ አደረግኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ቶሎ ብዬ አነሳኋት። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ይህን ስጽፍም አልበረደም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልቀረሁም። ልጄ፣ ልጄ ናት፤ ባሏም ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኔንም ጭንቅላቴንም ሳትጠረጥር የያዝኩትን ዕቃ ያየችልኝ ግን በአራተኛው መደብ የምትተኩሰው፣ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ የበሳሁባት፣ ጡረታ የወጣች የሮተርዳም ትራም ሹፌር ናት።