ለእናቴ ወገብ የተሰፋ ኮርቻ

ባለፈው ሳምንት ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። አጠገቤ ዕቃ የሚያደርስ ባለሞተር ቆሟል። መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ በአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሮታል። አሁንም አሁንም ከፍ ዝቅ እያለ ወገቡን ያመቻቻል። ሳላስበው ሳቄ መጣ። ልጁ ዞር ብሎ ሲያየኝ በእሱ የሳቅሁ እንዳይመስለው በእጄ ሰላም አልኩት። እኔ ግን እያየሁ የነበረው የገርጂውን ግቢያችንን ነው፤ አባቴ ፍራሽ የሚያህል ስፖንጅ አቅፎ በበሩ አልገባ ሲለው።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ፕላን ይሥል ነበር። ሞተር ብስክሌቱን የገዛው አብሮት ከሚሠራና ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ቀይ፣ ትልቅ፣ ጃፓን ሠራሽ። የሰፈራችን ሞተሮች ቀጫጭን ስለነበሩ የአባቴ አጠገባቸው ሲቆም ፍየሎች መሀል የገባ በሬ ይመስል ነበር። ለፍጥነትም ለሩቅ መንገድም ተብሎ የተሠራ ዓይነት በመሆኑ ነጂው ወደ ፊት ደፋ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከኋላ ያለችው መቀመጫ ግን ከፍ ብላ የተሰቀለች፣ ጠባብ፣ ደረቅ ነገር ነበረች። ማንን አስበው እንደሠሯት እንጃ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሞተሩ ቀን ነበር። አባቴ አሮጌ ጋዜጣ መሬቱ ላይ ያነጥፍና ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ዘይት ያጠጣል። የጎማውን ነፋስ ይለካል፤ ፍሬኑን ጎንበስ ብሎ ያያል። ግቢው ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ታናሽ ወንድሜ ናቲና እኔ ሞተሩ ላይ ፊትና ኋላ ተፈናጠን በአፋችን እየጮህን ናዝሬት ደርሰን እንመለሳለን። ጠባችን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ከኋላ መቀመጥ የሚፈልግ የለም። ያቺ መቀመጫ ሞተሩ ቆሞ እንኳ ታሳምማለች።

እናቴ ዘውዲቱ ተወልዳ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። ሆኖም አገሯን ካየች ዓመታት አልፈዋል፤ መኪና አይስማማትም ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገና ቁጭ ስትል ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ላምበረት ሳትደርስ ፌስታል ትፈልጋለች። ሎሚ ሞከረች፣ ኪኒን ሞከረች፣ ባዶ ሆድ ሞከረች። በመጨረሻ የሄደች ጊዜ ደብረ ብርሃን በሰው ተደግፋ ወረደችና የሄደችበትን የአባቷን ተዝካር ተኝታ አሳለፈችው። ከዚያ ወዲህ ስለ መንገድ ሲነሣ ወሬ ትለውጣለች። አያቴ ደግሞ እግራቸውን ስለሚያማቸው አዲስ አበባ መምጣቱን ትተውታል። እናትና ልጅ በስልክ ብቻ ቀሩ።

አንድ ቀን እናቴን ጥርሷን አመማት። ታክሲ ስለጠፋ አባቴ በሞተር ቦሌ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዳት። ሲመለሱ ጉንጯን በነጠላዋ ይዛ ግቢው መሀል ቆመች።

"ሆዴ ምንም አላለኝም" አለች።

"ጥርስሽስ?" አላት አባቴ።

"ጥርሴ ተነቅሏል። እኔ የምልህ ሆዴን ነው። ምንም አላለኝም።"

አባቴ የራስ ቁሩን የሞተሩ መሪ ላይ ሰቀለ። "እንግዲያው ለአልማዝ ሠርግ በሞተር እንሄዳለን" አላት። አልማዝ እናቴ አዝላ ያሳደገቻት ታናሽ እህቷ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። እናቴ ሠርጉ በተነሣ ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

"ወገቤ ከቦሌ ገርጂ እንኳ አልቻለም፤ ደብረ ብርሃን ትላለህ?"

"ወገብሽን ለኔ ተዪው" አላት።

ያ ትልቅ ስፖንጅ የመጣው በማግስቱ ነው። አባቴ ከሶፋ ሠሪ ገዝቶ፣ በቢላ ቆርጦ፣ መቀመጫዋ ላይ አሰረው። እናቴ ወጣችበትና ጠፋች ማለት ይቻላል። "እንደ ሊጥ ዋጠኝ" አለች፤ "ታች ያለው ብረት ደግሞ እዚያው እንዳለ ነው።" አባቴ ሌላ ስፖንጅ ጨመረበት። አሁን ደግሞ ከፍታው በዝቶ እናቴ ከአባቴ ጭንቅላት በላይ ሆና የገርጂን አጥሮች ሁሉ ውስጣቸውን ታያለች። አክስቴ እታገኝ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በአጋጣሚ እኛ ቤት ነበረች። "ሚስትህን ጣሪያ ላይ ሰቅለህ ልትሄድ ነው?" አለችው።

አባቴ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ መጣ። እናቴን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ ለካት። ወረቀቱ ላይ ሞተር ሣለ፤ ከላዩ ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ሣለ። እናቴ ሥዕሉን አይታ "አፍንጫዬን አስረዘምከው" አለችው። ከሥዕሉ በኋላ መደገፊያ ብረት አስበየደ። ሁለቱ ለሙከራ ወጡና እናቴ ከኢምፔሪያል በእግሯ ተመለሰች። አባቴ ሞተሩን በቀስታ እየነዳ ከጎኗ ይከተላት ነበር፤ በሩን ስከፍት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

ያን ዕለት ማታ ራት በላን። እናቴ ሳህኖቹን ስታነሣ "አንተ እዚያች ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?" አለችው።

"የት?"

"ከኋላ።"

አባቴ ሞተሩ ቤታችን ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን ከኋላው ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ሰለሞንን ጠራው። ሰለሞን ገርጂ ጋራዥ ያለው መካኒክ፣ የአባቴም ጓደኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሞተሩን በፍቅር ዓይን ያያል እንጂ አባቴ አስነድቶት አያውቅም። ቁልፉን ሲሰጠው ሰለሞን ሁለቴ ጠየቀው። አባቴ ከኋላ ወጣ። ጉልበቶቹ ብብቱ ሥር ገቡ። ናቲ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "እስከ ላምበረት ውሰደው" አለችው ሰለሞንን፤ "ጉድጓድ ካየህ አትሸሽ።"

ሲመለሱ አባቴ ከሞተሩ ለመውረድ የሰለሞንን ትከሻ ያዘ። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ እናቴ ሄደ።

"እግሬ ይደነዝዛል አላልሽኝም እኮ" አላት።

"ብዬህ ነበር።"

"ነፋሱስ? ፊቴን በጥፊ ሲመታኝ ነው የዋለው።"

"እሱንም ብዬህ ነበር።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መፍቻውን አመጣና የሠራውን ሁሉ፣ መደገፊያውንም ስፖንጁንም፣ አንድ በአንድ ፈታው። ሥዕሉን ለእናቴ ሰጣትና "አሁን አንቺ ንገሪኝ" አላት።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእናቴ ሆነ። መጀመሪያ የእግር መርገጫውን ዝቅ አስደረገችው። ሰለሞን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማራዘሚያ ብረት አሠራለት። የተፈታውን መደገፊያም በልኳ ዝቅ አስደርጋ መልሳ አስበየደችው። ቀጥሎ የኋላው ሞላ እንዲታይላት ጠየቀች፤ ጉድጓድ ሲመታ እስከ ጥርሷ ይሰማት ነበርና። ሰለሞን ጎንበስ ብሎ አየውና "እትዬ ዘውዲ፣ ይኼ ለሯጭ ነው የጠበቀው፤ ላላላልዎት" ብሎ አላላው። ለአባቴም መሪውን ከፍ አደረጉለት፤ እሱ ቀና ብሎ ከተቀመጠ እሷ ላዩ ላይ አትደፋም። መቀመጫውን ግን ለማንም አልሰጠችም። የመጋረጃ ስፌት ትሠራበት የነበረውን መኪናዋን አወጣች። ጠንካራ ስፖንጅ ከታች፣ ለስላሳውን ከላይ አደረገች፤ መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ በምላጭ ቀረጸችው። እያንዳንዷን ለውጥ ሳሎን ውስጥ አግዳሚው ላይ አድርጋ፣ ተቀምጣበት ሽንኩርት እየከተፈች ትፈትነው ነበር። ሽንኩርቱ እስኪያልቅ ካልተቁነጠነጠች ጥሩ ነው ማለት ነው። ከላይ ቡናማ የሶፋ ሌዘር ለበሰና በቀይ ክር ተሰፋ። የአዲስ ሌዘርና የማጣበቂያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ዛሬም ጫማ ሱቅ ስገባ ያ ሳሎን ትዝ ይለኛል።

የቀረው ነፋሱ ነበር። የሞተሩ የፊት መስታወት አጭር ስለሆነ ነፋሱን ከአባቴ ትከሻ አሻግሮ እናቴ ፊት ላይ ይጥለዋል። አባቴ አዲሱን መስታወት በምን ያህል ቁመት መቁረጥ እንዳለበት ለማወቅ ካርቶን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ማያ ቀዳዳ አበጅቶ፣ እናቴን ከኋላ አስቀምጦ ወጣ። ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ ፖሊሱ።

አባቴ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ማስረዳት ጀመረ። እናቴ ከኋላ ሆና አቋረጠችው። "ወንድሜ፣ እናቴን ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። መኪና ያስመልሰኛል። በዚህ ልሄድ ነው።"

ፖሊሱ ካርቶኑን አየ፣ እናቴን አየ። "ካርቶኑን አንሱና ቤታችሁ ግቡ" አለ። ትንሽ ራቅ ሲሉ ጠራቸው። "ደግሞ ሰንዳፋ ላይ ይነፍሳል። ረዘም አድርጉት።" አረዘሙት።

የሄድንበት ጠዋት ብርዳም ነበር። ናቲና እኔ ከአክስቴ እታገኝ ጋር ከላምበረት አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እናትና አባታችን በሞተር ቀድመውን ወጥተዋል። እናቴ የአባቴን ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ሻሿ ላይ የራስ ቁር ደፍታ፣ ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር። አክስቴ ስታማትብ አየኋት። አውቶቡሱ ሰንዳፋን እስኪያልፍ መስኮቱን አልለቀቅንም።

አለልቱን አልፈን ነው ናቲ "ሞተሩ" ያለው። መንገድ ዳር ቆሟል። አባቴ ጎማው ጎን ተንበርክኳል። እናቴ ትንሽ ፈንጠር ብላ ሣር ላይ ቁጭ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እጇ አፏ ላይ ነው።

"ይኸው" አለች አክስቴ በቀስታ፤ "አላልኩም?"

ሾፌሩን እንዲያቆም ለመነችው፤ ዳገት ላይ ስለነበር አላቆመም። ናቲ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ሞተሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ ዞሬ አየሁ። እናቴ ሠርጉ ቤት ገብታ፣ ጓዳ ተኝታ፣ ዘፈኑን በግድግዳ ስትሰማ ታየኝ። አክስቴ እስከ ሸኖ ድረስ ናቲን ጭኗ ላይ አቀፈችው።

ከሸኖ ስንወጣ የክላክስ ድምፅ ሰማን። ቀዩ ሞተር በግራችን በኩል መጣ። እናቴ በኮርቻዋ ላይ ቀጥ ብላ፣ መደገፊያዋን ተደግፋ፣ የራስ ቁሯን መስታወት ከፍታ ተቀምጣለች። ጉንጯ አብጦ ይንቀሳቀሳል። እያላመጠች ነበር። እጇን ኪሷ ከታ አወጣችና ወደ መስኮታችን አሳየችን፤ ቆሎ ነው። ለካ አባቴ የላላ ሰንሰለት ሲያጠብቅ እሷ ሣሩ ላይ ሆና ከመንገድ ዳር የገዛችውን ቆሎ እየበላች ኖሯል። መንገድ ላይ ምራቋን መዋጥ የማትችለው እናቴ። አክስቴ መስኮቱን ከፍታ በሁለት እጇ አጨበጨበች፤ ተሳፋሪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሯት ሳቀ።

እኛ ስንደርስ እናቴ የአያቴ ደጃፍ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ፣ አያቴን አቅፋ ነበር። ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ከዚያ አያቴ ዓይናቸውን ጠርገው ምርኩዛቸውን ይዘው ሞተሩን ዞሩት። ኮርቻውን በመዳፋቸው ጫን አደረጉት፤ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት። "ማን ሰፋው?" አሉ።

"እኔ" አለች እናቴ።

"ታዲያ መስፋት ከቻልሽ ምነው ይኼን ያህል ዘገየሽ?" አሉና ወደ ቤት ገቡ። በማግስቱ እናቴ ሠርጉ ላይ እስክስታ ስትወርድ አልማዝ ከሙሽራ ወንበሯ ተነሥታ አብራት ወረደች።

ዛሬ ሞተሩ የለም። የአባቴ ጉልበት ሲደክም ሰለሞን ገዛው። ገርጂም ያኔ አጥሩ ሁሉ የሚታይበት ገርጂ አይደለም፤ ሕንፃው ሰማዩን ይዞታል። የኔ መኪና መቀመጫ ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ይሞቃልም። ባለፈው የገና በዓል እናትና አባቴን በሱ ወደ ደብረ ብርሃን ይዣቸው ወጣሁ። ላምበረትን ሳናልፍ የእናቴ ፊት አመድ መሰለ።

"አቁሚው" አለኝ አባቴ ከኋላ።

ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። እናቴ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ቀስ ብላ ተነፈሰች። አባቴ መኪናዬን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ያ የቅዳሜ ዓይኑ ነበር።

"ጣሪያው ይከፈታል?" አለኝ።

"አይከፈትም፣ አባዬ።"

"ሰለሞን ጋ ብንወስደው" ብሎ ጀመረ። እናቴ ሳቅ ጀምሯት ክንዱን ያዘች። "ልጅቷ ገና ያልጠገበችውን መኪና ልትቆርጥ ነው?" አለችው። አራቱንም መስኮት እስከ ታች ከፈትኩ። ማሞቂያውን አጠፋሁ። ሁለቱም ከኋላ አንድ ጋቢ ደርበው ተቀመጡ፤ እኔ ከፊት አፍንጫዬ በብርድ ቀልቶ፣ የጭነት መኪና ሁሉ እየቀደመኝ፣ በቀስታ ነዳሁ። አንድ ጊዜ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለራሷ ታንጎራጉር ነበር።