አጎቴን ከአባቴ መኪና ያስቀረሁበት ሰርግ

ዛሬ አጎቴ በልጁ ሰርግ ላይ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ የመኪናዬን የፊት በር ሲጎትት በሪሞት ቆለፍኩበት።

መኪናዋ የሟች አባቴ የድሮ አሜሪካን መኪና ናት። ለቅሶው ሳይበርድ ይሄው አጎቴ "ይሄን ቅራቅንቦ አቃቂ ብረት ማቅለጫ ውሰዱት" ብሎ እናቴ ፊት ስቋል።

እኔ ግን ቃሊቲ ጋራዥ ስድስት ዓመት ለፋሁባት። አዲስ ሞተር ገባላት፣ ኤሲ ገባላት። (ከቤታችን ይልቅ እሷ ውስጥ ይቀዘቅዛል።)

"ክፈቺ እንጂ!" አለኝ መስኮቱን እየመታ።

"ጋሼ፣ ቅራቅንቦ ውስጥ ሱፍህ ይቆሽሻል" አልኩት።

ሙሽሮቹን ይዤ ነዳኋት። እሱ ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ መጣ። እናቴ እልልታዋን ያቀለጠችው ለሙሽሮቹ ይሁን ለሱ አልጠየቅኳትም።

ጸጸት ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፤ እስካሁን የለም።

እናንተስ፣ የናቀባችሁን ነገር ሊለምን የመጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን አላችሁት?