የደብተራ ገብሬ ትንፋሽ

ባለፈው ገበያ አጠገቤ የቆመ ሰው አስነጠሰና አረቄና ነጭ ሽንኩርት የተቀላቀለበት ትንፋሹ ፊቴን መታው። ደብተራ ገብሬ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ ጎባ ከተማ ሳትሆን የወታደር ሰፈር ነበረች። አባቴ ከሸዋ ከዘመተው ጦር ጋር መጥቶ፣ ጠመንጃውን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ፣ የሰው መሬት ተሰጥቶት ተቀመጠ። የሚያርሱልን የመሬቱ ባለቤቶች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ አዴ ሩፎ እቤታችን ገብስ ትፈጭ ነበር። የሰፈሩ ሐኪም ደግሞ ደብተራ ገብሬ ነበሩ። ጥርሳቸው የዛገ፣ ጢማቸው ሁልጊዜ እርጥብ፤ የበሉት ወጥ እዚያው ላይ ይቀራል። ሕመምተኛ ፊት ቆመው ጠበል ከቅላቸው ይጎነጩና፣ ጉንጫቸውን ነፍተው "ቡፍ!" ያደርጉታል።

ወንድሜ ተሰማ ከፈረስ ወድቆ እግሩ ቆሰለና አተኮሰው። በዚያ ሰሞን ሰፈሩን ክፉ ሳል ይዞት ነበር። ደብተራም ከታመሙት ቤት ወጥተው፣ እየሳሉ መጡ።

"እሜቴ፣ እሳቸው ራሳቸው ይስላሉ እኮ" አለቻት አዴ ሩፎ እናቴን።

"አንቺ ወፍጮሽን ፍጪ!" አላት አባቴ።

ደብተራ ተሰማ ፊት ቆመው ጠበሉን ቡፍ ሲያደርጉት፣ በበሩ በገባው ፀሐይ ሁሉንም አየሁት። ውሃው ከከንፈራቸው ሲወጣ እንደ ስስ ሞራ ተዘረጋ፤ ተበጣጠሰ። ጠብታው ትንፋሹ ሲገፋው ተጨፈለቀ፣ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ፈነዳ። ትልልቁ መሬት ወደቀ። ብናኙ ግን አልወደቀም፤ እንደ ጉም ተንሳፍፎ ወደ ተሰማ ክፍት አፍ ሄደ። ጠበል ብቻ አልነበረም፤ ለሃጫቸው፣ አክታቸው፣ ያኘኩት ሽንኩርት አብሮ ነበር። አዴ ሩፎ ከወፍጮው ተነሥታ በቀሚሷ ጫፍ አፍና አፍንጫዬን ሸፈነችኝ።

"አትተንፍሺ፣ ኢንታሎ" አለች በጆሮዬ፤ በቋንቋዋ ልጄ ማለቷ ነው።

የተሰማ እግር ጠገገ። ግን መሳል ጀመረ፤ ሳሉም ገደለው። ደብተራም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉት። አባቴ "የጸለዩልን ሰው ናቸው" ብሎ ለተዝካራቸው በሬ አረደ። እኔ ከዚያ ሥጋ አልቀመስኩም።

ከእሳቸው የቀረኝ መጸየፍ ነው። ልጅ ሳለሁ የሰው ትንፋሽ የነካው ወተት አይወርድልኝም ነበር። ስድግ የሚተወኝ መስሎኝ ነበር።

በሠርጌ ቀን የአባቴን ጉልበት ሳምኩ። አርጅቷል። ራሴን ይዞ "ውለጂ፣ ክበጂ፣ እንትፍ እንትፍ" ብሎ መረቀኝ። ሳላዘው እጄ ተነሥቶ ግንባሬን ጠረገ።

አባቴ አየኝ። እጁን ከራሴ ላይ ቀስ ብሎ አነሣው።